ራሴ ያነጠፍኩት የላሚኔት ወለል በክረምት መካከሉ ተነሣ፤ የት ላይ ተሳሳትኩ?

ባለ ደብተር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን በቁጥር ብናገር አትታዘቡኝ፤ ሁሉም በደብተሬ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።

ቤቱን የተረከብነው ወለሉ ባዶ ሊሾ ሆኖ ነው። ስድስት ዓመት በላዩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈን ኖርን። በበሩ አካባቢ ሲቀደድ ቆርጠን እንለጥፋለን፤ ሌላው ጋ ሲቀደድ ደግሞ ቆርጠን እንለጥፋለን። በመጨረሻ ልጥፉ ከምንጣፉ በለጠ። ዘንድሮ ጥምቀት እንዳለፈ ሻጮች «ፓርኬ» እያሉ የሚሸጡትን ላሚኔት ገዛሁ። ሙሉ እንጨት መስሎኝ ነበር፤ ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ መሆኑን ያወቅሁት ቤት ውስጥ ስቆርጠው ነው። አንጣፊው የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ የዕቃውን ግማሽ ሊደርስ ሲል ተናደድኩና፣ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ነገር ምን ባለሙያ ያስፈልገዋል ብዬ ራሴ ገባሁበት።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ሳሎን 4.60 በ3.40 ሜትር፣ መኝታ ቤት 3.20 በ2.90፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ኮሪደር 2.10 በ1.10። ድምሩ 27.23 ካሬ ሜትር። ለብክነት 10 በመቶ ጨምሬ 16 ካርቶን ገዛሁ። በአንድ ካርቶን 8 ሳንቃ አለ፤ አንዱ ሳንቃ 121.5 በ19.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ ስድስቱን ካርቶን በደረጃ አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ከእኔና ከወንድሜ ወገብ የተከፈለው ብቻ በደብተሩ ላይ አልተመዘገበም።

ሊሾውን ጠረግን፣ ላስቲክ ዘረጋን፣ በላዩ 2 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ አነጠፍን። ካርቶኖቹን በገዛንበት ቀን ከፍተን ከሳሎኑ መስኮት ጀመርን። ሳንቃውን በቁመቱ እያስኬድን፣ ኮሪደሩን አቋርጠን፣ እስከ መኝታ ቤቱ የመጨረሻ ግድግዳ ድረስ ሳናቋርጥ አወረድነው፤ ርዝመቱ 9.90 ሜትር መሆኑ ነው። ክፍተት አስቀያሚ ስለመሰለኝ የየረድፉን መጨረሻ ከግድግዳው ጋር በመዶሻ እየመታሁ አጣበቅሁት። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። አንድ ጎረቤት ገብቶ «ማን ሠራልህ?» ሲለው ወንድሜ ዝም ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሌሊት ተነሥቼ መብራት አብርቼ ወለሉን አየሁት።

በግንቦት አናጢ መጥቶ የመኝታ ቤቱን ቁምሳጥን አስገባ። ላሚኔቱ ላይ አቁሞ እንዳይነቃነቅ ብሎ ከሥር በብሎን ከሊሾው ጋር አሰረው።

አሁን ችግሩ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ኮሪደሩ ከሳሎኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ወለሉ እንደ ግመል ሻኛ ተነሥቷል። ማስመሪያ አጋድሜ ለካሁት፤ 2 ሴንቲ ሜትር። ስረግጠው ይወርዳል፣ እግሬን ሳነሣ ይመለሳል። በሌላ በኩል ቡና በሚፈላበት ጥግ አራት መገጣጠሚያዎች ጠርዛቸው አብጦ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ይኸኛው እንኳ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ቄጠማ ጎዝጉዛ ነበር፤ ማታ ሲጠረግ ከሥሩ ያለው ወለል ላብ እንደያዘው ሰው ወዝቶ አገኘነው።

ሻጩ ካርቶኑ ላይ ያለውን «ኤሲ 4» የሚል ጽሑፍ እያሳየ ምንም አይነካውም ብሎኝ ነበር። የሠፈራችን አናጢ ደግሞ ጥፋቱ በኮላ አለመጣበቁ ነው ይላል። ሁሉንም ማንሣት ሊኖርብኝ ነው?

ፈጣን መፍትሔ፦

ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? በተነሣው ላይ ሁለት ሦስት ቀጭን ሚስማር ምታበትና ራሱን በስቱኮ ድፈነው። እኔ በወንድሜ ቤት እንደዚያ አድርጌ ጸጥ ብሏል።

ውኃ ልክ፦

ሚስማር የተባለውን አትስማ ወንድሜ። እዚህ ላይ ብትቸነክረው ሻኛው አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ይወጣል። እሱንም ብትቸነክረው ሳንቃውን ከሳንቃ የሚያያይዘው መቆለፊያ ይሰበራል። የታፈነ ነገር መውጫ ይፈልጋል።

የቤት ውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራ ስሠራ 17 ዓመቴ ነው። ሴራሚኩንም፣ ጂፕሰሙንም፣ ፓርኬውንም ሠርቻለሁ። ላሚኔት አንሡልን ብለው ከጠሩኝ ቤቶች የሚበዙት የአንተው ዓይነት ናቸው። በበጋ ይነጠፋል፣ በክረምት ይነሣል። ጥር ላይ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ሳንቃውም ደርቆ ተኮማትሯል። አንተ በዚያ ሰዓት ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረህ ገጠምከው። ሐምሌ ሲገባ ያ የተጨመቀ ብናኝ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ይረዝማል። በአንድ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል ብለህ ያዝ። በ9.90 ሜትርህ ላይ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ያ ትርፍ የት ይሂድ? በዚያ ጫፍ ግድግዳው ከለከለው፣ በዚህ ጫፍ ቁምሳጥኑ በብሎን ቀፍድዶ ያዘው። ወደ ላይ ወጣ።

ይህ ወለል ተንሳፋፊ ነው። ከሊሾው ጋር አይጣበቅም፣ አይቸነከርም፣ እንደ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ላስቲኩና ስፖንጁ ላይ ተኝቶ ዓመቱን ሙሉ ወዲህና ወዲያ ይላል። ስለዚህ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በበር መቃን፣ በቧንቧ፣ በምሰሶ ዙሪያም ጭምር። አስቀያሚ ነው ያልከውን ክፍተት ዞኮሎው፣ ማለት በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚመታው ጠባብ ጣውላ፣ ይሸፍነዋል፤ ዞኮሎ የተፈጠረው ለዚህ ነው። እሱም የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ሳንቃው ላይ አይደለም። እኔ ሳነጥፍ በየሳንቃው ጫፍና በግድግዳው መካከል 10 ሚሊ ሜትር ሽብልቅ አስገባለሁ፣ ሥራው ሲያልቅ እነቅለዋለሁ። ሽብልቁን ውስጥ ረስቶ ዞኮሎ የመታበት ልጅ አጋጥሞኛል፤ ያው እንደ አንተ ሆነ።

የኮላው ነገር ድሮ ቀረ። ቀደም ሲል ሳንቃው ወንዴና ሴቴው፣ ማለት የሚገባውና የሚቀበለው ጠርዙ፣ ኮላ እየተቀባ ነበር የሚያያዘው። በራሱ የሚቆለፈው ከመጣ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ፣ ኮላ ለዚህ ዓይነቱ አያስፈልግም። አናጢያችሁ የሚያውቀውን ነው የተናገረው፤ ብታጣብቀው ኖሮ ግን አሁን ለማንሣት መጥረቢያ ያስፈልግህ ነበር።

ሁለት በሽታ ነው ያለብህ፣ አታቀላቅላቸው። ሲረገጥ ወርዶ የሚመለሰውና ውስጡ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ አጥቶ ነው፤ ቦታ ስትሰጠው ይተኛል። ጠርዙ አብጦ ሲጫኑት የማይወርደው ግን ውኃ ጠጥቷል። እሱ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ሳንቃው ይቀየራል። «ኤሲ 4» ያሉህ ቁጥር ፊቱ መፋቅንና መጫጫርን ምን ያህል ይችላል የሚለውን እንጂ ውኃን አይመለከትም። ፊቱ ላይ የፈሰሰ ውኃ ቶሎ ከተጠረገ ምንም አይለውም፤ በመገጣጠሚያው ሰርጎ ሆዱ ከገባ አለቀ። እርጥብ ቄጠማ ደግሞ ውኃውን ለስድስት ሰዓት አቅፎ የሚያስቀምጥ ጨርቅ ማለት ነው።

ሁሉንም አታንሣ። መጀመሪያ ቁምሳጥኑን ከወለሉ ጋር ያሰረውን ብሎን ፍታና ከጀርባው በፊሸር ከግድግዳው ጋር እሰረው። ቀጥሎ በሁለቱ ደፎች ላይ፣ ማለት ሳሎኑና ኮሪደሩ ሲገናኙ፣ ኮሪደሩና መኝታ ቤቱም ሲገናኙ፣ ወለሉን በወርዱ ቁረጠው። 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ አውጣና በላዩ የአሉሚኒየም መሸፈኛ ምታ። መሸፈኛው የሚታሰረው በክፍተቱ ውስጥ ከሊሾው ጋር ነው፤ በሳንቃው ውስጥ ብሎን ካሳለፍክ ተመልሰህ እዚያው ነህ። ስትቆርጥ የመጋዙን ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ላይ ወስነው፤ ከሥር ላስቲኩን እንዳትቀደው። ከዚያ የሳሎኑን ዞኮሎ ነቅለህ ከመስኮቱ ሥር ያሉትን የሳንቃ ጫፎች አንድ ሴንቲ ሜትር ቁረጥ።

ባለ ደብተር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ወንድሜ ያሉኝ ግን እህትዎ ነኝ። ጎረቤቱም ወንድሜን የጠየቀው ለዚሁ ነበር።

ስለ አንድ ሴንቲ ሜትሩ ሲናገሩ አላመንኩም ነበር፤ ማታ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የተነሣው ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.20 ሜትር ነው። ግማሹ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሴንቲ ሜትር። በትምህርት ቤት በተማርነው የሦስት ማዕዘን ስሌት ሲሠራ የተነሣው ሳንቃ ከሥሩ ካለው ሊሾ የሚረዝመው በ0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ትርፍ ይህን ሁሉ ሻኛ ሊሠራ ነው? የሂሳብ መዝገብ ላይ አንድ ሳንቲም ሲጎድል ሌሊቱን ሙሉ የምፈልግ ሰው በገዛ ቤቴ ይህችን ትርፍ የማሳድርበት ቦታ አልተውኩላትም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የበራችን መቃን ብረት ነው። ሳንቃውን በዙሪያው ቅርጹን ተከትዬ ቆርጬ አስጠግቼዋለሁ። እሱንም ላላቀው? ክፍተቱስ ምን ይሸፍነዋል?

ውኃ ልክ፦

ይቅርታ እህቴ። አዎ፣ አላቅቂው። የእንጨት መቃን ቢሆን ኖሮ ሥሩን በመጋዝ ከፍተሽ ሳንቃውን ከሥር ታስገቢው ነበር፤ ያ ከሁሉም ያምራል። ብረቱ ግን ወደ ውስጥ የታጠፈ ላሜራ ስለሆነና ውስጡም በስሚንቶ ስለሚሞላ አይሆንም። 8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትተሽ ከሳንቃው ጋር ቀለሙ የሚመሳሰል ሲሊኮን ሙዪው። ሲሊኮን ይለጠጣል፣ ወለሉን አይከለክለውም። ስቱኮ ወይም ጂፕሰም እንዳትሞዪ፤ ደርቆ ድንጋይ ይሆንብሻል።

ሌላም ነገር ልጠይቅሽ። ከመነጠፉ በፊት ሊሾው ደልዳላ መሆኑን አይተሻል? የኮንዶሚኒየም ሊሾ ከላይ ሲያዩት መስተዋት ይመስላል፣ ቀጥ ያለ የሁለት ሜትር ጣውላ ወይም አሉሚኒየም ሲያጋድሙበት ግን ሆዱ ይታያል። ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መሞላት አለበት። አለበለዚያ በረገጥሽው ቁጥር መቆለፊያው ይተጣጠፋል፣ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል። ስፖንጅ ደርቦ ጉድጓድ መሙላት የሚባል ዘዴ አለ፤ አትሞክሪው። የወፈረ ስፖንጅ ራሱ መቆለፊያውን ይገድላል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም እህቴ። እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ። የእኔ ላሚኔት ሳይሆን ቪኒል ነው፤ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ውስጥ ራሴ አነጠፍኩት። ጽሑፍሽን ሳነብ ሳቅሁም አዘንኩም፤ እኔም መብራት አብርቼ ያየሁበት ሌሊት ነበረኝ።

ውኃ አይገባውም የሚለውን ጽሑፍ አምኜ ነበር የገዛሁት። ለሳንቃው እውነት ነው። የእኔ ሆዱ የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ቁራጭ ባልዲ ውስጥ ሳምንት ዘፍዝፌ አይቼዋለሁ፣ አላበጠም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ከመሬት እርጥበት ይስባል። ውኃው ሳንቃውን ባይጎዳውም እዚያው ታፍኖ ሻጋታ ይሆናል። ስለዚህ ከማንጠፌ በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ዘርግቼ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጌ አንድ ቀን ተውኩት። ሳነሣው ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥብ ነው ማለት ነው። በእኔ ቤት በአንዱ ጥግ ጠቁሮ አገኘሁት። ምክንያቱ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ከቤቱ ሥር ማፍሰሱ ነበር። አሸንዳውን አርዝሜ ሁለት ወር ጠበቅሁ። ባለቤቴ በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጦ ኳስ ያይ ነበር።

ሌላው ያስደነገጠኝ ነገር፣ አሮጌውን ምንጣፍ ስናነሣ ከሥሩ 9 ኢንች በ9 ኢንች የሆኑ ትንንሽ ንጣፎች ወጡ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት በተሠሩ ቤቶች እንዲህ ያለው ንጣፍ አስቤስቶስ፣ ማለት አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን፣ ሊኖረው ይችላል። ልፍቀው ብዬ መፋቂያውን ይዤ ተንበርክኬ ነበር፤ ደግነቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ አስቆመኝ። ቁራጭ ወደ ላቦራቶሪ ላክን፤ አለበት ተባለ። ያልተሰበረና ያልተፋቀ ከሆነ አቧራው ስለማይነሣ ሳንነካው በላዩ አነጠፍን። እዚህ አካባቢ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ይህን ሳታጣሩ መፋቂያ አታንሡ።

የቪኒሉ ጥሩነት መጋዝ አለመፈለጉ ነው። ፊቱን በስለት ሁለት ሦስት ጊዜ ትጭሪውና በጉልበትሽ ላይ ትሰብሪዋለሽ። ክፉ ጎኑ ደግሞ ፀሐይ ነው፤ በመስተዋት በሩ በኩል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ይግልና ይለጠጣል። እሱም እንደ እናንተው የግድግዳ ክፍተት ይፈልጋል፤ የእኔ መመሪያ 6 ሚሊ ሜትር ነበር የሚለው። አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም፤ ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ በሩ ላይ አነጠፍኩበት፣ በስምንት ወር ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጎማውና ቪኒሉ አይስማሙም። በምንም ሳሙና አልለቀቀልኝም፤ አሁን በላዩ ሌላ ምንጣፍ አለ።

ሦስተኛ ፎቅ፦

ይህን የማነበው ከታች ሆኜ ነው። በየካ አባዶ ሳይሆን በሌላ ኮንዶሚኒየም፣ ግን ከላዬ ያለው ቤተሰብ ላሚኔት ካነጠፈ ወዲህ የልጆቹን እርምጃ መቁጠር ጀምሬያለሁ። ሙቀጫ ሲወቀጥማ ጽዋዬ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራል። ስፖንጁ ይህን አይቀንስም እንዴ?

ውኃ ልክ፦

ይቀንሳል፣ ካነጠፉት። ስፖንጁን ለመቆጠብ ላስቲክ ብቻ የሚያነጥፉ አሉ፤ ያኔ ሳንቃው በቀጥታ ሊሾውን ይመታል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጠንከር ያለ ስፖንጅ ካለ የጫማ ኳኳታው ይለዝባል። ዞኮሎውም ወለሉን ተጭኖ ከተቸነከረ ድምፁን ወደ ግድግዳው ያስተላልፋል። ሙቀጫን ግን የትኛውም ስፖንጅ አይችለውም። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያድርጉ ብለህ በትሕትና ንገራቸው።

ባለ ደብተር፦

ሁለት ሳምንት አለፈ። የሆነውን ልጻፍ።

መጀመሪያ የቁምሳጥኑን አራት ብሎኖች ፈታሁ። የመጨረሻው ሲወጣ ከወለሉ ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣና ወንድሜ ወደ ኋላ ዘለለ። ሻኛውን ሄደን ለካነው፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር ወደ 1.4 ወርዷል። ገና ምንም ሳንቆርጥ! ከዚያ የመጀመሪያውን ደፍ ቆረጥን። መጋዙን ወንድሜ ያዘ፣ ጥልቀቱን ለክቼ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሊጠናቀቅ አራት ጣት ሲቀረው ሳንቃው ራሱ ተጨምቆ መጋዙን ነከሰው፤ ሽብልቅ አስገብተን ነው የጨረስነው። ከሰዓት በኋላ 50 ኪሎ የጤፍ ጆንያ አስቀመጥንበት። ጠዋት ጆንያውን ሳነሣ ወለሉ ተኝቷል።

የቆረጥነውን ቁራጭ ስናወጣ ከሥሩ ያለውን ሊሾ ለማየት ጣውላ አጋደምኩ። ጋሼ እንዳሉት ነው፤ በኮሪደሩ አፍ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ አለ። ስለዚህ የኮሪደሩን ሳንቃ እየቆጠርኩና በጀርባው ቁጥር እየጻፍኩ በሙሉ አነሣሁ። በየጀርባው ቁጥር መጻፍ ጠቅሞኛል፤ ስመልሰው እንደ ደረሰኝ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ገባ። ጎድጓዳውን በሲሚንቶ ድልዳል ሞልተን አራት ቀን አደረቅነው። በማንሣት ላይ እያለን የሁለት ሳንቃዎች ወንዴ ተሰበረ፤ ቸኩዬ አግድም ስስበው ነው። ረጅሙ ጎን መጀመሪያ ከፍ ተደርጎ በማዕዘን ነው የሚላቀቀው።

የቡናው ጥግ ቀላል ነበር፤ ያበጡት አራት መገጣጠሚያዎች ከግድግዳው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስለሆኑ ከዚያ በኩል ፈትቼ አምስት ሳንቃ ቀየርኩ። የአሮጌዎቹን ጠርዝ በመለኪያ ለካሁት፤ 8 የነበረው ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ደግሜ ለካሁት፣ ያው 9.5።

ከመስኮቱ ሥር ያሉትን 18 ጫፎች መቁረጡ ነው ወገቤን የጨረሰው። አንድ ሰው የሚርገበገብ ትንሽ መቁረጫ አውሶን በተንበረከክንበት አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀ። የሚነሣው አቧራ ክፉ ነው፤ አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ አትጀምሩ። በክፍተቱ ውስጥ የቀድሞ ትጋቴን ምልክት አገኘሁ፤ በመዶሻ ስመታ የግድግዳው ቀለም ሳንቃው ላይ ታትሟል።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። በፋሲካው ቄጠማ ምክንያት ወለሉ ታመመ ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እንኳን ቄጠማ የማይችል ወለል፣ እንግዳ ምን ሊችል ነው?» አለችኝ። ለአዲስ ዓመት ስትመጣ ሰፊ ላስቲክ ዘርግቼ በላዩ ሰሌን አነጥፍላታለሁ፣ ቄጠማው በሰሌኑ ላይ ይሆናል። ለከሰል ማንደጃው ደግሞ ከባኞ ቤት የተረፈ ሴራሚክ ከሥሩ አስቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። አሁን ወለሉ እርጥበት ጠጥቶ በረዘመበት ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሰጠሁት። ጥር ላይ ሲኮማተር ክፍተቱ ከዞኮሎው ሥር ይወጣብኛል?

ውኃ ልክ፦

ዞኮሎሽ ስንት ይወፍራል? 12 ሚሊ ሜትርም ቢሆን መኮማተሩ አንድ ጎን ላይ ብቻ ካልተሰበሰበ ክፍተቱ አይታይም። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ክፍተት በ15 ወይም በ16 ሚሊ ሜትር ዞኮሎ ብትሸፍኚው ሥጋት የለብሽም። የተበጣጠሰውን የቀለም ጠርዝም ይደብቅልሻል።

የሁለተኛውን ደፍ መቁረጥ እንዳትረሺ፤ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው የጻፍሽው። መኝታ ቤቱ አሁን በብሎን ባይያዝም የቁምሳጥኑ ክብደት አለበት፤ በበሩ በኩል ነፃ ካልሆነ ወደ ኮሪደሩ ይገፋል።

የተረፉሽን ሳንቃዎች ደግሞ ግድግዳ አስደግፈሽ እንዳታቆሚያቸው፣ ይጎብጣሉ። ከአልጋ ሥር በጀርባቸው አስተኚያቸው። ያንን ቀለም ከሁለት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ አታገኚውም።

ባለ ደብተር፦

ሁለተኛው ደፍ ለዚህ ቅዳሜ ተቀጥሯል፤ ወንድሜ መጋዙን እስካሁን አልመለሰም። ዞኮሎው 12 ነው፤ የመስኮቱን እቀይረዋለሁ። የተረፉት 4 ሳንቃዎች ከአልጋ ሥር ናቸው፣ በደብተሩም ገብተዋል።